ዋይፋዩን ያስቆለፈው ሌባ ነው ወይስ ዳኛ?

ጎረቤትዎ ዋይፋዩን ያለ ፓስወርድ ቢተወው ምን ይሉታል? አንዱ «ደግ ሰው ነው» ይላል፤ ሌላው «ሞኝ ነው» ይላል። ጀርመን ውስጥ ግን ለዓመታት ሦስተኛ ስም ነበረው፦ ተጠያቂ። ታሪኩን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሰው ለዕረፍት ከቤቱ ወጥቶ ሳለ፣ በእሱ የኢንተርኔት መስመር አንድ ዘፈን በፋይል መለዋወጫ መረብ ላይ ተሰራጨ። የዘፈኑ ባለመብት ከሰሰው። ጉዳዩ እስከ ፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሜይ 12 ቀን 2010 የተሰጠው ውሳኔ ለሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሽ ነበር። ዘፈኑን ያሰራጨው እሱ ስላልሆነ ካሳ አይከፍልም። ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ፓስወርድ በራሱ ስላልቀየረ ግን ጥፋቱ እንዳይደገም የማድረግ ግዴታ አለበት፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ወጪም ሊጠየቅ ይችላል። የጀርመን ሕግ እንዲህ ያለውን ሰው «ሽቶረር» ይለዋል። ጥፋቱን ራሱ አልፈጸመም፤ መንገዱን ግን ከፍቷል እንደማለት ነው።

የተከሰሰው አንድ ሰው ቢሆንም የፈራው አገሩ ሁሉ ነው። ጀርመን የምትኖሩ አንባቢዎች «አብማኑንግ» የሚባለውን የጠበቃ ደብዳቤ ታውቁታላችሁ። ባለካፌውም ባለሆቴሉም በር ዘጋ። ዋይፋይን በነጻ ለማካፈል የተሰባሰቡት የ«ፍራይፉንክ» በጎ ፈቃደኞች መላ ዘየዱ፤ የተጠቃሚዎቹን ግንኙነት ወደ ስዊድን አዙረው ከዚያ ወደ ኢንተርኔት ማውጣት ያዙ። በ2015 በርካታ ስደተኞች ጀርመን ሲገቡ ብዙ መጠለያዎችን ከኢንተርኔት ያገናኙት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ስልክ ብቻ ይዞ ለመጣ ሰው ያ መስመር ከእናቱ ድምፅ ጋር የሚያገናኘው ነበር።

በሙኒክ አካባቢ የመብራትና የድምፅ መሣሪያ የሚሸጠው ቶቢያስ ማክፋደን ደግሞ የሱቁን ዋይፋይ ሆን ብሎ ክፍት አድርጎት ነበር። በእሱ መስመር ሙዚቃ ተሰራጨና ከሶኒ ጋር ተካሰሰ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሴፕቴምበር 15 ቀን 2016 በሰጠው ፍርድ «ካሳ አይጠየቅም፤ ነገር ግን ማንነታቸውን ለሚገልጹ ተጠቃሚዎች ብቻ የሚሰጥ ፓስወርድ እንዲያስገባ ሊታዘዝ ይችላል» አለ። በመጨረሻም የጀርመን ፓርላማ በ2017 ሕጉን ቀይሮ ይህን ተጠያቂነት አነሳ። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ ለውጡን ተቀበለ፤ ለባለመብቶችም የተወሰኑ አገልግሎቶች እንዲዘጉ የመጠየቅ መብት ተወላቸው።

የባለመብቶቹ ክርክር ባዶ አልነበረም። ዱካው ክፍት በር ላይ ከቆመ ጥፋተኛው በምን ይያዛል? ጥያቄው እውነተኛ ነው። መልሱ ግን እንግዳ የተቀበለን ሰው በእንግዳው ጥፋት ማስከፈል አልነበረም።

ሌላው ፍርሃት የጠለፋ ነው፤ እሱም መሠረት አለው። በዚያው በ2010 ጎግል የጎዳና ፎቶ የሚያነሱ መኪኖቹ ከክፍት ዋይፋዮች የሰዎችን መረጃ ሲሰበስቡ እንደነበር አመነ። በኦክቶበር ደግሞ «ፋየርሺፕ» የተባለ ነጻ ፕሮግራም ወጣ፤ በእሱ ካፌ ቁጭ ብሎ በጎን ያለ ሰው የከፈተውን የፌስቡክ ገጽ መውሰድ የአንድ ጠቅታ ሥራ ሆነ። ቁልፉም ቢሆን ሁልጊዜ ቁልፍ አልነበረም። የመጀመሪያው የዋይፋይ መቆለፊያ «ዌፕ» ገና በ2001 እንደሚሰበር ታውቋል። ትልቁን ጥበቃ ያመጡት ድረ ገጾቹ ናቸው፤ በእነሱና በተጠቃሚው መካከል የሚያልፈውን መልእክት እያመሰጠሩ መላክ ልማድ አደረጉት። ዛሬ የባንክዎን ምስጢር በዋናነት የሚጠብቀው ይህ ምስጠራ ነው እንጂ የካፌው ፓስወርድ አይደለም።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ካሜራዎ፣ ፕሪንተርዎና ኮምፒውተርዎ ያሉበትን መስመር ይቆልፉ፤ የፋብሪካውንም ፓስወርድ ዛሬውኑ ይቀይሩ። ማካፈል ከፈለጉ ብዙዎቹ ራውተሮች የእንግዳ መስመር አላቸው፤ ከጓዳዎ ሳያስገባ ሳሎን የሚያስቀምጥ ነው። መቆለፍም መክፈትም የባለቤቱ ምርጫ ይሁን። ሕግ ደግነትን እንደ ቸልተኝነት ሲቆጥር ምን እንደሚሆን ጀርመን አይታዋለች፤ ሌባው መንገድ አላጣም፣ በሩን የዘጋው ደጉ ሰው ነው።