የባሕር ኤሊ መራቢያ ዳርቻዎች ካርታ ሥራ

የባሕር ኤሊ መራቢያ ዳርቻዎች ካርታ ሥራ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉባቸውን አሸዋማ ዳርቻዎችና ከእነዚህም የግንባታ ስጋት ያለባቸውን ክፍሎች ለይቶ በካርታ የማስፈር የጥበቃ ዘዴ ነው። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት አቀፍ የጎጆ ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1979 ተጀመረ፤ ከ1989 ወዲህም በተመረጡ ዳርቻዎች አንድ ወጥ ስልት የሚከተል ዓመታዊ ቆጠራ ታከለበት። ቆጣሪዎች በማለዳ የእናት ኤሊዎችን ዱካ ተከትለው ዝርያቸውን ይለያሉ፣ የጎጆውንም ቦታ ይመዘግባሉ። መረጃው ከአየርና ከሳተላይት ምስሎች፣ ከአሸዋው ስፋት፣ ከሕንፃዎች፣ ከማዕበል መከላከያ ግንቦችና ከመብራቶች ጋር ተነጻጽሮ ይተነተናል። ግንብ ኤሊዋ ወደ ደረቁ አሸዋ እንዳትወጣ ያግዳታል፤ ሰው ሠራሽ ብርሃን ደግሞ ከእንቁላል የወጡትን ትናንሽ ኤሊዎች ከባሕሩ አቅጣጫ ያስታቸዋል። እናት ኤሊዎች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተፈለፈሉበት አካባቢ ተመልሰው እንቁላል ስለሚጥሉ፣ የጠፋ ዳርቻ በቀላሉ አይተካም። ስለዚህ ካርታው ግንባታ ከውኃው የሚርቅበትን መጠን፣ የሌሊት መብራት ደንብንና ለጥበቃ የሚገዛ መሬትን ለመወሰን ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመው የአርቺ ካር ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያም በዚያው በፍሎሪዳ በሜልበርን ቢችና በዋባሶ ቢች መካከል የሎገርሄድና የአረንጓዴ ባሕር ኤሊዎችን መራቢያ ይጠብቃል።