ጭራሮ ታቅፎ መምህር ፍለጋ

በጥንታዊት ህንድ አንድ ወጣት ዘላለማዊውን ዕውቀት ሽቶ ወደ መምህር ደጅ በሚሄድበት ጊዜ ወርቅም ሐርም አይዝም ነበር፤ ይዞት የሚሄደው ለመሥዋዕቱ እሳት የሚሆን አንድ እቅፍ ጭራሮ ነው። ሙንዳካ ኡፓኒሻድ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ፣ ኃላፊውን ዓለም መርምሮ የማያልፈውን ሊያውቅ የወደደ ሰው፣ ማገዶውን በእጁ ይዞ፣ ቬዳ የሚባሉትን ቅዱሳት መጻሕፍት ጠንቅቆ ወደሚያውቅና ልቡናው በብራህማን፣ ማለት የፍጥረት ሁሉ መሠረት በሆነው ህላዌ፣ ወደ ጸና መምህር ይሂድ ሲል ይደነግጋል። መምህሩ የሚመዘንባቸው ነገሮች ሁለት መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባዋል፤ መጽሐፉን ብቻ የሚያውቅ ሰው መንገዱን በወሬ እንጂ በእግሩ አያውቀውም፣ ደርሶ ያየ ብቻ ደግሞ ያየውን ለሌላ የሚያስረዳበት ቃል ያጥረዋል፤ ስለዚህ ድንጋጌው ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ አጣምሮ ይፈልጋል።

ጉሩ የሚለው የሳንስክሪት ቃል በመጀመሪያ ፍቺው ከባድ ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ የተነሡ ተርጓሚዎች ቃሉን ለሁለት ከፍለው ጉ ጨለማ፣ ሩ አስወጋጅ ነው ብለው ቢያመሠጥሩትም፣ እኛም ነገሩ የሚደመጥለትን ሰው ክብደት ያለው ሰው እያልን የምንጠራ ነንና፣ እኔ የፊተኛውን ፍቺ መምረጤን አልሸሽግም። ኡፓኒሻድ የሚለውም ስም ቀርቦ ዝቅ ብሎ መቀመጥን ከሚያመለክት ግስ የወጣ ነው፤ ምስጢሩ ከአደባባይ የሚጮኽ ሳይሆን ከመምህሩ እግር ሥር ለተቀመጠ ሰው በለሆሳስ የሚነገር ነበርና።

ደቀ መዝሙሩ ጭራሮውን አስረክቦ መምህሩ ከተቀበለው በኋላ የሚኖርበት ቤት ጉሩኩላ፣ ማለት የጉሩ ቤተ ሰብ፣ ይባላል። የማኑ ሕግ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ የብራህማን ልጅ፣ ብራህማን እዚህ ላይ የካህናቱ ወገን ስም ነው፣ በስምንተኛው ዓመቱ ወደ ትምህርት እንዲገባ ያዝዛል፤ ሦስቱን ቬዳዎች ለመማር የሚፈጀውንም ጊዜ 36 ዓመት፣ ካልሆነ የዚሁን እኩሌታ፣ ካልሆነም ሩቡን ያደርገዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ተማሪው በድንግልና ተወስኖ፣ ከመምህሩ አስቀድሞ እየነቃና ከመምህሩ ኋላ እየተኛ፣ ላሞቹን ይጠብቃል፣ እሳቱን ያነዳል፣ እየዞረ ምግቡን ይለምናል፤ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ስለ እመቤታችን ስም እያለ የሚለምነውን የቆሎ ተማሪ እያየ ላደገ ሰው ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም። ቬዳ በጽሕፈት ሳይሆን በቃል የሚወረስ ስለ ነበረ፣ አንዲት ፊደል እንኳ እንዳትወድቅ ቃላቱን ነጣጥለው፣ ደግሞም ሁለት ሁለቱን አያይዘው የሚያነበንቡበት ልዩ ልዩ የንባብ ስልት አበጅተው፣ ከአፍ ወደ ጆሮ እያስተላለፉ ለሺዎች ዓመታት ጠብቀውታል። ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ሲሰናበት ለመምህሩ የሚሰጠው የምስጋና ስጦታ ዳክሺና ይባላል።

ከነዚህ ተማሪዎች ሁሉ ታሪኩ ልቤን የሚነካኝ ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ የሚተርክለት ሳትያካማ ነው። ይህ ልጅ ሊማር በፈለገ ጊዜ መምህሩ ዘሩን እንደሚጠይቀው ያውቅ ነበርና እናቱን ጃባላን የማን ወገን እንደ ሆነ ጠየቃት፤ እርስዋም በወጣትነትዋ ከቤት ቤት እየተዘዋወረች በግርድና ስታገለግል ስለ ወለደችው አባቱን እንደማታውቅ ነግራ፣ በእናትህ ስም ተጠራ አለችው። ጋውታማ የተባለው መምህር ዘሩን ሲጠይቀው ልጁ እናቱ የነገረችውን አንዲት ቃል ሳያጎድል ተናገረ። መምህሩም እንዲህ ያለውን እውነት አፍረጥርጦ የሚናገር ከብራህማን በቀር ማንም የለም ብሎ ፈረደና፣ ልጄ፣ ጭራሮህን አምጣ አለው። ከዚያም 400 የከሱ ላሞች ለይቶ ሰጠው፤ ሳትያካማም ሺህ ሳይሞሉ አልመለስም ብሎ ወደ በረሃ ነዳቸው። ላሞቹ ሺህ በሞሉ ጊዜ አስቀድሞ ወይፈኑ፣ ቀጥሎ እሳቱ፣ ከዚያ አንድ ዝይ፣ በመጨረሻም በውኃ ውስጥ የሚጠልቅ ወፍ፣ በየተራቸው የብራህማንን ምስጢር ሩብ ሩቡን ገለጡለት፤ እርሱም በየምሽቱ ከብቱን አግብቶ፣ እሳቱን አንድዶና ማገዶውን ጨምሮ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ ይቀመጥ ነበር። ወደ መምህሩ ሲመለስ ፊቱ ያበራ ስለ ነበር መምህሩ ማን አስተማረህ ቢለው፣ ያስተማሩኝ ሰዎች አይደሉም፤ ነገር ግን ከመምህር አፍ የተገኘ ዕውቀት ነው ከፍጻሜ የሚያደርስ ሲሉ ሰምቻለሁና እርስዎ ያስተምሩኝ ብሎ ለመነው። ፍጥረት ሁሉ ምስጢሩን ከገለጠለት በኋላ እንኳ ይህ ልጅ ከመምህሩ እግር ሥር ለመቀመጥ መመለሱ፣ የህንድ ሰዎች ስለ ጉሩ ያላቸውን አሳብ ከብዙ ሐተታ ይልቅ ይገልጠዋል።

ይሁን እንጂ ለሳትያካማ የተከፈተው ደጅ ለሁሉ አልተከፈተም። በኋላ የተጻፉት ሕግጋት ሹድራ የተባለውን ዝቅተኛ ወገን ከቬዳ ጉባኤ አግደውታል፤ ሴቶችንም እንዲሁ። ማሃባራታ በተባለው ጥንታዊ የጀግኖች ቅኔ የሚገኘው የኤካላቭያ ታሪክ የዚህን ዕገዳ መራርነት ያሳያል፤ የጫካ ሕዝብ ወገን የሆነው ይህ ልጅ የቀስት መምህሩ ድሮና አላስተምርም ብሎ ቢመልሰው፣ የመምህሩን ምስል በጭቃ ሠርቶ በፊቱ እየሰገደ ብቻውን ተማረና ከመሳፍንቱ ልጆች በለጠ። ድሮና ይህን ባየ ጊዜ፣ ጉሩህ እኔ ከሆንሁ ዳክሺናዬን ስጠኝ ብሎ የቀኝ እጁን አውራ ጣት ጠየቀው፤ ልጁም ሳያመነታ ቆርጦ ሰጠ። ብዙዎች ይህን ለታዛዥነት አብነት አድርገው ይጠቅሱታል፤ እኔ ግን ባሰብሁት ቁጥር የሚታየኝ የልጁ መታዘዝ ሳይሆን ያላስተማረውን ትምህርት ዋጋ የጠየቀው የመምህሩ ነውር ነው።

በስምንተኛው መቶ ዓመት ገደማ በደቡብ ህንድ በካላዲ መንደር የተወለደው ሻንካራ፣ ጎቪንዳ ከተባለው ጉሩ ተምሮ፣ ነፍስና ብራህማን አንድ ናቸው የሚለውን ትምህርት ካጸና በኋላ፣ በአራቱ የአገሪቱ ማዕዘን አራት ገዳማት እንደ መሠረተ ትውፊት ይናገራል፤ ከዚያ ወዲህ ጉሩ ለጉሩ የሚወራረሰው ሰንሰለት፣ ፓራምፓራ የሚሉት፣ መንበርና ሥርዓት ያለው ነገር ሆነ። ከእርሱ በኋላ ስለ ተነሣው መምህር ስለ ራማኑጃ የሚተረከው ደግሞ ሌላ መልክ አለው፤ የሚያድነውን ኅቡእ ቃል ለመቀበል ወደ መምህሩ 18 ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ለማንም እንዳይገልጥ ምሎ የተቀበለውን ቃል፣ እኔ አንዱ ብኰነን ብዙዎች ይድናሉ ብሎ ከቤተ መቅደሱ ላይ ወጥቶ ለሕዝቡ ሁሉ ጮኾ ተናገረው ይባላል። በ15ኛው መቶ ዓመት በቤናረስ የነበረው የእስላም ሸማኔዎች ልጅ ካቢር፣ ራማናንዳ የተባለው ጉሩ እንደማይቀበለው ስላወቀ፣ ጎሕ ሳይቀድ ጉሩው ወደ ጋንጅስ ወንዝ በሚወርድበት ደረጃ ላይ ተጋደመ፤ ሽማግሌው በጨለማ ረግጦት በድንጋጤ ራም፣ ራም ብሎ የአምላኩን ስም በጠራ ጊዜ፣ ካቢር ያን ቃል እንደ ቡራኬ ተቀብሎ ሄደ ይላሉ። ታሪኩ በጽሑፍ የተመሰከረ ባይሆንም፣ የተዘጋ ደጅ በሰው ብልሃት እንዴት እንደሚከፈት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ሰነዱ ወደ በረከተለት ዘመን ስንመጣ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1836 ዓ.ም. በቤንጋል በካማርፑኩር መንደር የተወለደውን ራማክሪሽናን እናገኛለን። ያገለግልበት የነበረውን የዳክሺኔሽዋር ቤተ መቅደስ በ1855 ያስቀደሰችው ራኒ ራሽሞኒ የተባለች ባለጸጋ መበለት ስትሆን፣ ወገንዋ ዝቅተኛ ነው በማለት ብራህማኖች በዚያ ለማገልገል ተጸይፈው ነበር። ራማክሪሽናን ከመሩት መምህራን አንዲቱ ሴት ባሕታዊት ነበረች፤ የማኑ ሕግ ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን! ከእርስዋ በኋላ የመጣው ከሻንካራ ሰንሰለት የሆነው ዕርቃኑን የሚኖር መናኝ ቶታፑሪ ነው፤ ከአንድ ስፍራ ከሦስት ቀን በላይ መቀመጥ ልማዱ ያልነበረው ይህ ሰው በዚያ 11 ወር ተቀመጠ። የራማክሪሽና አሳብ ካሊ ከተባለችው እመቤቱ መልክ አልፎ መሄድ እንቢ ባለው ጊዜ፣ መናኙ የጠርሙስ ስባሪ አንሥቶ በቅንድቦቹ መካከል ወግቶ፣ አሳብህን በዚህ ሰብስብ አለው፤ ከዚያም በተመስጦ ጠለቀ።

ናሬንድራናት ዳታ፣ በኋላ ቪቬካናንዳ የተባለው፣ ወደ ራማክሪሽና የመጣው በ1881 ነው። የካልካታ ጠበቃ ልጅ፣ በስኮትላንድ ሚሲዮናውያን ኮሌጅ የተማረ፣ ነገር ሁሉ በማስረጃ ካልሆነ የማይቀበል የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነበር፤ ያገኘውን የሃይማኖት ሰው ሁሉ አምላክን በዓይንዎ አይተዋልን? እያለ ይጠይቅ ነበር። ራማክሪሽና አዎን፣ አንተን ከማይህ ይልቅ አጥርቼ አየዋለሁ ሲል መለሰለት። ናሬንድራ ግን በዚህ አልተሸነፈም፤ ለምስል መስገድን እየነቀፈ ዓመታት ተከራከረ፤ መምህሩ ገንዘብ መንካት ያመዋል የሚባለውን ለመፈተን ሳያየው ከአልጋው ልብስ ሥር ብር ሸጐጠ፤ መምህሩም በተቀመጠ ጊዜ እንደ ተወጋ ሰው ዘልሎ ተነሣ ይባላል። ሽማግሌው ግን አልተቈጣም፤ ገንዘብ ለዋጭ ብሩን እያቃጨለ እንደሚፈትን እንዲሁ ፈትኑኝ ይላቸው ነበርና። ከድሮና ወደ ራማክሪሽና ያለውን ርቀት ለሚለካ ሰው መለኪያው ይህ ይመስለኛል፤ ያኛው ከደቀ መዝሙሩ አውራ ጣቱን ወሰደ፣ ይህኛው ጥርጣሬውን እንኳ ሳይወስድበት ተቀበለው።

በ1884 አባቱ ዕዳ ትተው በሞቱ ጊዜ የናሬንድራ ቤት ተራበ። መምህሩ ከካሊ ፊት ሄደህ ለምን ቢለው፣ ወጣቱ ሦስት ጊዜ ገብቶ ሦስት ጊዜ ገንዘብ መለመኑን ረስቶ ዕውቀትንና ምናኔን ለምኖ ወጣ። በተከተለው ዓመት ራማክሪሽና በጉሮሮ ካንሰር ታመመ፤ ወጣቶቹ ደቀ መዛሙርቱም በኮሲፖር የአትክልት ቤት ተሰብስበው በተራ አስታመሙት፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነሐሴ 16 ቀን 1886 ዐረፈ።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ናሬንድራና ጓደኞቹ አንትፑር ወደምትባል የቤንጋል መንደር፣ ወደ አንደኛው እናት ቤት ሄዱ። አንድ ሌሊት በግቢው ውስጥ ማገዶ ከምረው አነደዱና ከዋክብት በሞሉበት ሰማይ ሥር ዙሪያውን ተቀምጠው በተመስጦ ቆዩ፤ ከዚያ ናሬንድራ ቤት ንብረት ስላልነበረው ስለ ኢየሱስ ክርስቶስና ስለ አርድእቱ መተረክ ጀመረ፤ ሲጨርስም ሁሉም በእሳቱ ፊት ዓለምን ለመናቅ ቃል ኪዳን ገቡ። ሌሊቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የልደት ዋዜማ እንደ ነበረ ያስተዋሉት እሳቱ ዐመድ ከሆነ በኋላ ነው።