የሶሪያሲስ ማሳከክ

ሶሪያሲስ የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት የገዛ አካሉን ቆዳ ሲያስቆጣ የሚፈጠር፣ ለረጅም ዘመን የሚቆይ የቆዳ ሕመም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በክርን፣ በጉልበት፣ በራስ ቅልና በወገብ አካባቢ ዳርቻው በግልጽ የሚለይ፣ ወፈር ያለና ነጣ ያለ ቅርፊት የለበሰ ሽፍታ ያወጣል። በተለያዩ ጥናቶች ከተጠየቁት ሕሙማን ከ60 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ሽፍታው እንደሚያሳክካቸው ተናግረዋል።

የሕመሙ ስያሜ «ፕሶራ» ከሚለው የግሪክኛ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ማሳከክ ነው። ይሁን እንጂ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉ በርካታ የሕክምና መጻሕፍት ሶሪያሲስ እምብዛም አያሳክክም ይሉ ነበር፤ ስሙ ራሱ የሚመሰክረውን መዘንጋታቸው የሚገርም ነው። አመለካከቱ የተለወጠው ተመራማሪዎች ሕሙማኑን በቀጥታ መጠየቅ ከጀመሩ ወዲህ ነው።

መንስኤ

በጤናማ ቆዳ ላይ አንድ ሴል ከታችኛው ንጣፍ ተፈጥሮ ላይ ወጥቶ እስኪረግፍ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። በሶሪያሲስ ግን ይህ ሂደት በጥቂት ቀናት ያልቃል። በጥድፊያ የተሠራው የላይኛው ንጣፍ ሳይበስል ስለሚከመር እርጥበት መያዝ አይችልም፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ድርቀቱ ብቻውን ለማሳከክ በቂ ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ከሥሩ ያለው ብግነት ነው።

ኢንተርሉኪን 17 እና ኢንተርሉኪን 23 የሚባሉት የበሽታ ተከላካይ ሴሎች መልእክተኞች ብግነቱን ያቀጣጥላሉ። የተቆጡት የቆዳ ሴሎች ደግሞ ነርቭን የሚያሳድግ ፕሮቲን ከልክ በላይ ያመነጫሉ። የማሳከክን ስሜት በኅብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል የሚያደርሱት ቀጫጭን የነርቭ ጫፎች በዚህ ፕሮቲን ይበልጥ ስሜታዊ ይሆናሉ። የነርቭ ጫፎቹም ዝም ብለው አይቀበሉም፤ «ሰብስታንስ ፒ» የተባለ ንጥረ ነገር መልሰው ይለቃሉ። እሱም የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ብግነቱንም ያባብሳል። ነርቩና ብግነቱ እንዲህ እየተመጋገቡ ይቀጥላሉ።

የወባ ትንኝ ስትነክስ ወይም አለርጂ ሲነሳ የሚሰማው ማሳከክ በአብዛኛው ከሂስታሚን የሚመጣ ነው። በሶሪያሲስ የሂስታሚን ድርሻ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ለአለርጂ የሚሰጡ እንክብሎች ብዙም አይረዱም። ከእነሱ መካከል እንቅልፍ የሚያስይዙት ሌሊቱን ለማለፍ ሊያግዙ ይችላሉ እንጂ የማሳከኩን ምንጭ አይነኩም።

ማሳከኩ ማታ ማታ ይበረታል፤ የቆዳው ሙቀት ይጨምራል፣ እርጥበት በብዛት ይተናል፣ ሐሳብን የሚወስድ ሥራም የለም። ላብ፣ ጭንቀት፣ በጣም የሞቀ ውሃ፣ ኃይለኛ ሳሙናና የሱፍ ልብስም ያባብሱታል። ከመድኃኒቶች መካከል ሊቲየምና አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ሕመሙን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። በኢትዮጵያ ቫይቫክስ ለሚባለው የወባ ዓይነት የሚሰጠው ክሎሮኪን ደግሞ ሁለት ገጽ አለው፦ ሶሪያሲስን ሊያስነሳ ይችላል፤ ከዚያም ውጭ ሶሪያሲስ በሌለባቸው ብዙ አፍሪካውያን ላይ ሽፍታ የሌለው ማሳከክ ያመጣል። የሶሪያሲስ ሕመምተኛ ከወባ ሕክምና በኋላ ቢያሳክከው የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ማከክ የሚያስከትለው

ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪክ ኮብነር በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሶሪያሲስ ሕሙማን ላይ የተጫረ ወይም የቆሰለ ጤናማ ቆዳ አዲስ ሽፍታ እንደሚያወጣ ገለጸ። ክስተቱ በስሙ ይጠራል። ሽፍታው አብዛኛውን ጊዜ ከጉዳቱ በኋላ ከ10 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። ስለዚህ በዚህ ሕመም ማከክ እፎይታ ሰጥቶ ብቻ አያልፍም፤ ሕመሙን ወዳልነበረበት ቦታ ያደርሳል። ጥፍርን ማሳጠር የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ከሌሎች ሕመሞች መለየት

በጥቁር ቆዳ ላይ ሽፍታው ቀይ ሳይሆን ሐምራዊ፣ አመድማ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ሊመስል ስለሚችል በቀላሉ ይሳታል። እከክ በጣቶች መካከል ይበረታል፣ የቤተሰቡንም ሌሎች አባላት ያሳክካል። ጭርት ደግሞ ከዳር እየሰፋ መሐሉ ይጠራል። ልዩነቱ ለሕክምናው ወሳኝ ነው፤ ለሶሪያሲስ የሚረዳው የስቴሮይድ ቅባት ጭርትን ያስፋፋል።

ሕክምና

ማሳከኩ የሚረግበው ብግነቱ ሲረግብ ነው። ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ቆዳው ሳይደርቅ ቫዝሊን ወይም ሌላ ቅባት መቀባት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ቀጥሎ የስቴሮይድና የቫይታሚን ዲ ቅባቶች፣ 311 ናኖሜትር የሆነ የአልትራቫዮሌት ጨረር፣ ሜቶትሬክሴትም ይታዘዛሉ። ኢንተርሉኪን 17ንና 23ን የሚያግዱ መርፌዎች በብዙዎች ላይ ማሳከኩን በጥቂት ሳምንታት ይቀንሱታል፤ ዋጋቸው ግን ውድ ነው። በአፍ የሚወሰድ ስቴሮይድ ፈጣን እፎይታ ቢሰጥም በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ መግል የቋጠረና ለሕይወት አስጊ የሆነ መልክ ይዞ ሊመለስ ይችላል።