ለጋ ጨረቃና ቀይ ኮከብ፦ የኦምዱርማን ማልያዎች ታሪክ

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ ከሚገናኙበት በስተምዕራብ በምትገኘው ኦምዱርማን፣ ሰው የየትኛው ክለብ ደጋፊ እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። ሰማያዊ ከለበሰ የአል ሂላል፣ ቀይ ከለበሰ የአል መሪኽ ነው። የሁለቱ ማልያዎች ጥንተ ነገር ግን ከኳስ ሜዳ ይልቅ ከበዓልና ከሠርግ ቤት ይመዘዛል።

ሂላል ማለት ለጋ ጨረቃ ማለት ነው። የረመዳን ጾም የሚያዘውም፣ ኢድ አልፈጥር የሚከበረውም በዚህች ጨረቃ መታየት ነው። ወሩ ሃያ ዘጠኝ ይሁን ሠላሳ የሚወስነው ሰማይ ነውና፣ በዋዜማው ምሽት ሕዝበ ሙስሊሙ አንጋጦ ይጠባበቃል። እ.ኤ.አ. በ1930 በእንግሊዞች አገዛዝ ሥር ሳሉ ክለብ ያቋቋሙት የኦምዱርማን ወጣቶች ይህንኑ ስም መረጡ። በስብሰባው ሌሊት ጨረቃዋን አይተው ነው ተብሎ ይተረካል። ትረካው ቢያምርም፣ ለስሙ ምክንያት መፈለግ ግድ አይመስልም። በዓል አብሳሪን ምልክት ማን ይጠላል?

የአል መሪኽ ታሪክ ጠመዝማዛ ነው። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ1908 ሲመሠረት በሰፈሩ ስም አል መሳልማ ይባል ነበር። መሳልማ በድርቡሾች ዘመን ተገደው የሰለሙ ኮፕቶችና ልጆቻቸው የኖሩበት ሰፈር ነው። መተማ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር የተዋጋው ያው ድርቡሽ፣ በገዛ ከተማው ያሉ ክርስቲያኖችንም ሃይማኖት አስቀይሮ ነበር። ስሙ እንግዲህ ቁስል ያዘለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ክለቡ መሪኽ ተባለ፤ ማርስ የተባለችው ቀይ ፕላኔት ማለት ነው። የሰፈር ስም ቀርቶ፣ የማንም ሃይማኖት ንብረት ያልሆነ የሰማይ አካል ተተካ። ቀዩ ማልያና ኮከቡ ከዚህ ስም ጋር ተስማምተው ይኖራሉ።

የሚያስገርመው፣ ሜዳ ላይ ተቀናቃኝ የሆኑት ጨረቃና ቀይ ቀለም በሱዳን ሠርግ ላይ አብረው መታየታቸው ነው። ጂርቲግ በተባለው ሥርዓት ሙሽራው ግንባሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርለታል፤ በጨርቁ ላይ ወርቃማ ለጋ ጨረቃ ይደረጋል። ከክፉ ዓይን ይጠብቃል፣ ለመውለድም በጎ ምኞት ነው ይባላል። ክለቦቹ ከሥርዓቱ ቀድተዋል ለማለት አይደለም። ለባሹ ሕዝብ ግን ምልክቶቹን ያወቃቸው ከስታዲየም በፊት ነው።

የበዓልን ምልክት በስፖርት ልብስ ላይ ማተም ዛሬ ትልቅ ንግድ ሆኗል። ሜክሲኮዎች ሙታኖቻቸውን የሚያስቡበት በዓል መለያ የሆኑት ያጌጠ የራስ ቅልና ብርቱካናማ አበባ፣ ናይኪን በመሳሰሉ ኩባንያዎች ጫማ ላይ ወጥተው ተሸጠዋል። እዚያ ንድፍ አውጪው ከበዓሉ ምልክቱን ይወስድና ለአንድ ወቅት ገበያ ያቀርባል፤ ኦምዱርማን ላይ ግን ምልክቱ የክለቡ ስም ሆኖ ከልጅ ልጅ ተላልፏል። የአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ ለዚህኛው ይቀርባል፤ እ.ኤ.አ. በ1935 አራዳ ላይ የተመሠረተው ክለብ ስሙን ያገኘው ሰፈሩ ከሚያከብረው ታቦት ነው።

ካርቱም ለአፍሪካ እግር ኳስ እናት ከተማ ናት ቢባል አልተጋነነም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም የተካሄደው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1957 እዚያው ነው። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ያቀላቀለ ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ስትታገድ፣ ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ያገባው አድ ዲባ ነው። አል መሪኽ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1989 የአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ወስዷል፤ አል ሂላል ደግሞ በ1987 እና በ1992 በአፍሪካ ሻምፒዮኖች ክለቦች ውድድር እስከ ፍጻሜ ደርሶ ሳይቀናው ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ ረመዳን አልተገባደደም ነበር። ከቀናት በኋላ የኢድን ጨረቃ ያየው የኦምዱርማን ሰው ያያት በተኩስ መሐል ነው። ተጫዋቾችም ደጋፊዎችም ተበተኑ። በ2024/25 የውድድር ዘመን ሁለቱ ክለቦች በሞሪታኒያ ሊግ ገብተው ተጫወቱ፤ አል ሂላልም በሜዳው የሚያደርጋቸውን የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታዎች ያስተናገደው ኑዋክሾት ላይ ነበር፤ ከኦምዱርማን በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ያንኑ ለጋ ጨረቃ ደረቱ ላይ አድርጎ።