ሁለት ዶላር ለአንድ ምሽት፤ ክብደት የመቀነሻ ድርጅቶችና የካሎሪ ቆጠራ ታሪክ

ሰው ምግብ ለማግኘት ገንዘብ ቢከፍል የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ምግብ ለመተው ገንዘብ መክፈሉ ግን ምክንያቱ ሊመረመር የሚገባው ጉዳይ ነው። እንዴት መተው እንደሚቻል የሚያስረዳው ዕውቀት ከመቶ ዓመት በላይ በነጻ፣ ወይም በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ዋጋ ሲገኝ የኖረ መሆኑ ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያጠያይቃል። በአሜሪካ ከ1963 ጀምሮ እጅግ ብዙ ሕዝብ በየሳምንቱ እየከፈለ የተሰበሰበባቸው ክብደት የመቀነሻ ድርጅቶች ምን ሸጡ? ከፋዩስ ምን ገዛ? መልሱ የሚገኘው በአመጣጣቸው ውስጥ ነው፤ አመጣጣቸውም ከአንድ የመንግሥት ክሊኒክ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ለጤና ባለሙያ የሩቅ ወሬ አይደለም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ መነሻ ለንደን ነው። ዊልያም ባንቲንግ ቀብር በማስፈጸም ሥራ የታወቁ ሰው ነበሩ። በ1862 ክብደታቸው 92 ኪሎ ግራም ያህል ደርሶ፣ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ማሰር እስኪሳናቸው ተቸግረው ነበር። የመስማት ችግር ገጥሟቸው የጆሮ ሐኪም ወደነበሩት ወደ ዊልያም ሃርቪ ቢሄዱ፣ ሐኪሙ ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች እንዲተዉ መከሯቸው፤ በአንድ ዓመት ውስጥም 21 ኪሎ ግራም ያህል ቀነሱ። ባንቲንግ ይህንኑ በ1863 በትንሽ መጽሐፍ ጽፈው በገዛ ገንዘባቸው አሳተሙና የመጀመሪያውን እትም በነጻ አደሉ። ስማቸው በስዊድን ቋንቋ ዛሬም ለመክሳት ምግብ መቀነስ ለማለት የሚያገለግል ግሥ ሆኖ ቀርቷል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህን ዕውቀት ለሕዝብ ያቀረቡት ሰው ከእርሱ ምንም ትርፍ ያልፈለጉ መሆናቸው ነው።

በባንቲንግ ዘመን ግን ምግብን ሁሉ በአንድ ሚዛን የሚያወዳድር ቁጥር በሕዝብ እጅ አልነበረም። ያን ቁጥር ያደላደሉት በኮኔቲከት፣ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ዊልበር አትዋተር ናቸው። አትዋተር በ1890ዎቹ ዓመታት ከፊዚክስ ሊቁ ከኤድዋርድ ሮዛ ጋር ሆነው አንድ ሰው ለቀናት የሚቀመጥበትን፣ የሚያወጣውም ሙቀትና የሚተነፍሰው አየር የሚለካበትን ጠባብ ክፍል ሠሩ። ከዚህና ከሌሎች ምርምሮቻቸው የተገኘው ስሌት፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ቅባት 9፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ይሰጣል የሚለው ነው። ዛሬ በምግብ ማሸጊያ ላይ የሚታተመው ቁጥር በአመዛኙ የሚሰላው በዚሁ መሠረት ነው። የአትዋተር ዓላማ ሰውን ማክሳት አልነበረም። ሠራተኛው በአነስተኛ ደመወዙ የበለጠ ኃይል የሚሰጥ ምግብ እንዲገዛ ለማስተማር ነበር።

የአትዋተርን ቁጥር ገልብጠው ለማክሳት ያዋሉት የካሊፎርኒያዋ ሐኪም ዶክተር ሉሉ ሃንት ፒተርስ ናቸው። እርሳቸው ራሳቸው በአንድ ወቅት መቶ ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝኑ ነበር። በ1918 ያሳተሙት ስለ አመጋገብና ስለ ጤና የሚናገር፣ የካሎሪ መፍቻ የተጨመረበት ትንሽ መጽሐፍ በ1924ና በ1925 በአሜሪካ ከልብ ወለድ ውጭ ካሉ መጻሕፍት ሁሉ በብዛት በመሸጥ ቀዳሚ ሆነ። ትምህርቱ አጭር ነው፤ አንባቢዋ ከእንግዲህ አንድ ቁራሽ ዳቦ በላሁ አትበል፣ መቶ ካሎሪ ዳቦ በላሁ ትበል፤ መክሳት የምትሻም በቀን ከ1,200 ካሎሪ አትለፍ። መጽሐፉን የገዛ ሰው ከዚያ በኋላ ማንንም መክፈል አያስፈልገውም ነበር። ይሁን እንጂ ዶክተር ፒተርስ መጽሐፉ ብቻውን የሚበቃ ሆኖ አልታያቸውም። ዘመኑ የአንደኛው የዓለም ጦርነት በመሆኑ፣ ሴቶች ተሰብስበው አብረው የሚመዘኑበትንና ምግብ የሚቆጥቡበትን፣ በጀርመኑ ቄሣር ላይ የተነሣ የሚል ስም የተሰጠውን ክፍል እንዲያቋቁሙ ይመክሩ ነበር። የካሎሪ ቆጠራ እናት የሆነችው መጽሐፍ ገና ከጥንቱ የጉባኤን አስፈላጊነት ተቀብላ ነበር ማለት ነው።

እግረ መንገድ ለመጥቀስ ያህል፣ ካሎሪ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሌላ በር ነው። በ1968 ከስዊድን ጋር በመተባበር የወጣው የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት ሠንጠረዥ የተዘጋጀው የተራበውን ሕፃን ለመርዳት ነበር። ዛሬም በእርዳታ ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ 2,100 ካሎሪ ሲባል የሚያስበው ለአንድ ሰው የቀን ራሽን መነሻ የሆነውን መጠን እንጂ ውፍረትን አይደለም።

ብቻን የመቁጠር ጉድለት ምን እንደሆነ በመለኪያ ለማወቅ ብዙ ዘመን ፈጀ። በ1992 በኒው ዮርክ የወጣ አንድ ጥናት፣ በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን ክብደታችን አልቀንስ አለን ያሉ ሰዎችን መረመረ። ቁጥሩ ዶክተር ፒተርስ ከሰባ ዓመት በፊት የወሰኑት ራሱ መሆኑን አንባቢው ያስተውላል። ተመራማሪዎቹ በአተሞቹ ክብደት ከተራው ውኃ የሚለይ ውኃ በማጠጣት ሰውነታቸው የሚያቃጥለውን ኃይል ቢለኩ፣ የሰዎቹ ሰውነት እንደማንኛውም ሰው ሰውነት ሆኖ ተገኘ። የተሳሳተው መዝገባቸው ነበር። በልተናል ብለው የጻፉት በእርግጥ ከበሉት በአማካይ 47 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ የአካል እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ 51 በመቶ አብዝተው ገምተዋል። ይህን ውሸት ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሰው ለራሱ ሒሳብ ያዥም ተቆጣጣሪም ሲሆን የሚደርሰው ይኸው ነው።

ወደ ጉባኤው ታሪክ እንመለስ። በ1948 በዊስኮንሲን፣ በሚልዋኪ ከተማ ወይዘሮ ኤስተር ማንዝ ቶፕስ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። አባላቱ በየሳምንቱ እየተመዘኑ እርስ በርስ ይበረታቱ ነበር፤ ማኅበሩ ለትርፍ የቆመ አልነበረም፤ መዋጮውም አነስተኛ ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ይህን የመሰለውን ሐሳብ ወደ ታላቅ ንግድ የለወጡት የኒው ዮርኳ የቤት እመቤት ወይዘሮ ጂን ኒዴች ናቸው።

ወይዘሮ ኒዴች በ1961 ክብደታቸው 97 ኪሎ ግራም ነበር። አንድ ቀን ገበያ ላይ ያገኟቸው አንዲት የሚያውቋቸው ሴት መልካቸውን አመስግነው ሲያበቁ የሚወልዱት መቼ እንደሆነ ጠየቋቸው። እርጉዝ አልነበሩም። በዚያ ኀፍረት ተነሣሥተው የኒው ዮርክ ከተማ ጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት በነጻ ወደሚያካሂደው የውፍረት ክሊኒክ ሄዱ። እዚያ የተሰጣቸው የአመጋገብ መመሪያ የመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግብ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ኖርማን ጆሊፍ የደረሱት ነው፤ ዓሣን በሳምንት አምስት ጊዜ፣ ጉበትን አንድ ጊዜ እንዲበሉ ያዝዛል፤ ጣፋጩን ሁሉ ይከለክላል። መመሪያው ጥሩ ነበር፤ በአሥር ሳምንት ውስጥም 9 ኪሎ ግራም ያህል ቀነሱ። ነገር ግን ወይዘሮ ኒዴች አንድ ምስጢር ነበራቸው፤ ሌሊት ሌሊት ተደብቀው ብስኩት ይበሉ ነበር። ይህን ለክሊኒኩ ባለሙያ መናገር አፈሩ። የክሊኒኩ ወረቀት ትክክለኛ ነበር፤ ክሊኒኩ ግን ሰው ገመናውን የሚያወጣበት ቦታ ሊሆን አልቻለም። እንግዲህ ስድስት ወፍራም ወዳጆቻቸውን ወደ ቤታቸው ጠርተው የብስኩቱን ነገር ነገሯቸው። እነርሱም የየራሳቸውን ተናዘዙ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ሌሎችን ይዘው መጡ። በጥቅምት ወር 1962 የወይዘሮ ኒዴች ክብደት 64 ኪሎ ግራም ደረሰ።

በግንቦት 1963 ከነጋዴው ከአል ሊፐርትና ከባለቤታቸው ከፌሊስ ጋር ሆነው ዌይት ዋቸርስ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሕዝባዊ ስብሰባ በኩዊንስ፣ ሊትል ኔክ በተባለ ሰፈር፣ ከሲኒማ ቤት በላይ ባለ አዳራሽ ተጠራ። ሃምሳ ወንበር ተዘርግቶ ሳለ አራት መቶ ያህል ሰው መጣ። ክፍያው ሁለት ዶላር፣ ማለትም በዚያን ጊዜ የሲኒማ መግቢያ ዋጋ ነበር። የተሸጠው ነገር ምን እንደሆነ እዚህ ላይ ግልጥ ይሆናል። የአመጋገቡ መመሪያ የከተማው ሕዝብ ንብረት ነበር፤ ማንም ሄዶ በነጻ ሊወስደው ይችላል። ካሎሪ መቁጠርም በመጀመሪያው ሥርዓታቸው ውስጥ አልነበረም። የተሸጠው በየሳምንቱ በሰው ፊት ሚዛን ላይ መውጣት፣ ቀጥሎም ራሱ ወፍሮ ከከሳ ሰው አፍ መስማት ነበር። ነጋዴዎቹ በነጻ የሚገኘውን ወስደው ሸጡ ብሎ መቆጣት ይቻላል፤ ነገር ግን የጤና መሥሪያ ቤቱ ያልሰጠውን ጨምረው ነው የሸጡት።

ድርጅቱ በ1968 አክሲዮኑን ለሕዝብ አቀረበ፤ በ1978 ሃይንዝ የተባለው የምግብ ኩባንያ በ70 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ብዙ ብላ ብሎ የሚሸጥ ኩባንያ ጥቂት ብላ የሚለውን መግዛቱ የዘመኑ ንግድ ጠባይ ነው። ተወዳዳሪዎችም በረከቱ፤ ጄኒ ክሬግና ኑትሪሲስተም የተባሉት የተዘጋጀ ምግብ በካርቶን መሸጥ ጀመሩ። ማስታወቂያው ከልክ በማለፉም የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1993 ትላልቆቹን ድርጅቶች በማስረጃ ያልተደገፈ ተስፋ ሰጥታችኋል ሲል ከሰሰ። ሦስቱ ወዲያው ሲስማሙ፣ ዌይት ዋቸርስና ጄኒ ክሬግ እስከ 1997 ተከራክረው ተስማሙ። በዚያው ዓመት ዌይት ዋቸርስ ለየምግቡ ነጥብ የሚሰጥ ሥርዓት በአሜሪካ አወጣ፤ ይህም የካሎሪ ቆጠራ ልብሱን ለውጦ ወደ ጉባኤው መግባቱ ነው።

ታዲያ ከፋዩ ተጠቀመ ወይ? በ2003 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 423 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን ወደ ዌይት ዋቸርስ ሲላክ፣ ሌላው ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ሁለት አጫጭር ጊዜ ተነጋግሮ ጽሑፍ ተሰጥቶት በራሱ እንዲሞክር ተደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 2.9 ኪሎ ግራም፣ ሁለተኞቹ 0.2 ኪሎ ግራም ቀንሰው ተገኙ። የጥናቱ ወጪ ከድርጅቱ የተገኘ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በ2017 በእንግሊዝ አገር 1,267 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናትም ተመሳሳይ መልክ ያሳያል፤ አጭር ምክርና መጽሐፍ ብቻ ያገኙት በዓመቱ 3.3፣ ለ12 ሳምንት የተሰበሰቡት 4.8፣ ዓመቱን ሙሉ የተሰበሰቡት 6.8 ኪሎ ግራም ቀነሱ። ልዩነቱ እውነተኛ ቢሆንም ትንሽ ነው፤ በማስታወቂያ ላይ ከሚታየው ፎቶግራፍ ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም።

ብቻውን የሚቆጥር ሁሉ ይወድቃል ማለትም አይደለም። በ1994 በአሜሪካ የተከፈተው፣ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ግራም ቀንሰው ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የጠበቁ ሰዎች መዝገብ እንደሚያሳየው፣ በመጀመሪያ ከተመዘገቡት 784 ሰዎች ውስጥ 45 በመቶው ያለ ማንም እርዳታ የከሱ ናቸው። ይሁንና ስንት ሰው ሞክሮ እንደቀረ መዝገቡ አይናገርም። በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት፣ በስልክ ላይ ካሎሪ የሚቆጥረውን ማይፊትነስፓል የተባለ መሣሪያ ለ212 ሕመምተኞች መስጠት ያመጣውን ለውጥ መረመረ። በስድስት ወር ውስጥ ከተለመደው ሕክምና የተሻለ ነገር አልተገኘም፤ አብዛኞቹ ከመጀመሪያው ወር በኋላ መሣሪያውን እምብዛም አልከፈቱትም። ቆጠራው ቀሎ ነበር፤ አለመቁጠራቸውን የሚጠይቅ ሰው ግን አልነበረም።

ዌይት ዋቸርስ ራሱ በስልክ ወደሚደረገው አገልግሎት አዘነበለ፤ በ2018 ስሙን አሳጥሮ ደብሊው ደብሊው ተባለ። ከ2021 በኋላ ረኀብን የሚያበርዱ አዳዲስ መርፌዎች ሲስፋፉ በ2023 እነርሱን የሚያዝ ሌላ ድርጅት በ106 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ይህም አላዳነውም፤ በግንቦት 2025 ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ዕዳውን ለማራገፍ የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ። ወይዘሮ ኒዴች በ2015 በ91 ዓመታቸው ስላረፉ ይህን አላዩም። በሚልዋኪ የተመሠረተውና ማንም ያልገዛው ቶፕስ ግን ዛሬም በየአዳራሹ በየሳምንቱ ሚዛኑን ያወጣል።