በካርታው ጥግ ያለችው ትንሽ ጽሑፍ

ሰሊጣችን ፖርት ሱዳን ደርሶ መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ ዶካ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ መርከቢቱን በስልክ መከታተል የተለመደ ሆኗል። ዓይናችን ያለው ነጥቧ ላይ ነው። በብዙዎቹ ካርታዎች ከታች በስተቀኝ ጥግ ግን አንዲት ደቃቅ ጽሑፍ አለች፤ «ሊፍሌት» ትላለች፣ «የኦፕንስትሪትማፕ አበርካቾች» ትላለች። አንዳንዱ ካርታ ላይ ከጎኗ ትንሽ የዩክሬን ባንዲራ ይታያል። «ይሄ ባንዲራ ከቀይ ባሕር ጋር ምን አገናኘው?» ብለው የጠየቁኝ ጥቂት አይደሉም። መልሱ ረዘም ያለ ታሪክ አለው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከገመድ ነው። ከ1829 እስከ 1834 ፓሊኑሩስ እና ቤናሬስ በተባሉ ሁለት መርከቦች፣ በሞርስቢና በኤልዎን አዛዥነት፣ ከቦምቤይ የመጡ ባሕርተኞች ቀይ ባሕርን ለክተው ዝርዝር ካርታ አወጡ። እንግሊዞች የቸኮሉበት ምክንያት ነበራቸው፤ በ1830 ሂዩ ሊንድሴይ የተባለች የእንፋሎት መርከብ ከቦምቤይ ተነሥታ ስዊዝ ስለ ገባች፣ ፖስታቸውን በዚህ መንገድ ለማመላለስ ፈልገዋል። አለካኩ ቀላል ነበር። ጫፉ ላይ እርሳስ የታሰረበት ገመድ ይጣላል፣ ምን ያህል እንደ ወረደ ይታያል፣ ከእርሳሱ ሥር የተለጠፈው ሞራ ከታች አሸዋ ወይም ጭቃ ይዞ ይወጣል። ቁጥሩ ካርታው ላይ ይሰፍራል። ችግሩ ገመዱ የሚናገረው ስለ ወረደባት ነጥብ ብቻ መሆኑ ነው። ቀይ ባሕር ደግሞ የኮራል ባሕር ነው፤ በሁለት ልኬቶች መካከል የመርከብ ሆድ የሚቀድ ድንጋይ ተደብቆ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ በባሕር ካርታ ላይ «ማን ለካው? መቼ?» የሚለው ጽሑፍ ጌጥ አልነበረም። ካፒቴኑ ጥልቀቱ በገመድ ዘመን የተለካ መሆኑን ካየ ከባሕር ዳርቻው ራቅ ብሎ ያልፋል። የእንግሊዝ አድሚራሊቲ ካርታዎች ቆይቶ ይህንኑ በትንሽ ሥዕል ማሳየት ጀምረዋል፤ የትኛው ክፍል በማንና በየትኛው ዓመት እንደ ተለካ ከካርታው ላይ ይነበባል። እኛ የምንጠቀምበት ወደብ ራሱ የዚህ የኮራል ነገር ውጤት ነው። የሱዋኪን መግቢያ ጠባብና በኮራል የታጠረ ስለነበር ለትልልቅ መርከቦች አልመች አለ፤ በ1909 በይፋ የተከፈተችው ፖርት ሱዳን ቦታዋን ወሰደች። አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም፤ በካርታዎቹ አርእስት ላይ የቆሙት የመኮንኖቹ ስሞች ናቸው። ያንን ዳርቻ በዓይናቸው የሚያውቁት፣ በሳንቡክ የኖሩት የአገሩ መሪዎች፣ ሩባኖቹ፣ ስማቸው እዚያ የለም።

እዚህ እኛ አጠገብ ያለውን መስመርም አስቡት። ግንቦት 15 ቀን 1902 አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የድንበር ውል ፈረሙ። በ1903 ሜጀር ጉዊን የተባለ የእንግሊዝ መሐንዲስ መኮንን፣ የኢትዮጵያ ተወካይ አብሮት ሳይኖር፣ መስመሩን መሬት ላይ አመለከተ። ሁለቱ መንግሥታት በ1972 ሲጻጻፉም ያነሡት በስሙ ነው፤ «የጉዊን መስመር» ይባላል። ክርክሩን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ ስሙ የሚሰጠው ጥቅም ነው፤ መስመሩን የሚቀበለውም የማይቀበለውም ሰው ጉዊን በማን ትእዛዝ መጣ፣ ከማን ጋር ቆመ፣ የቱን ኮረብታ አየ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ስም የሌለው መስመር ቢሆን ማን ይጠየቅ ነበር?

በዚያው በ1903 የሞናኮው ልዑል አልበርት ቀዳማዊ የውቅያኖሶችን ወለል ሁሉ በአንድ ካርታ የማሰባሰብ ሥራ አስጀመሩ። ጌብኮ የሚባለው እሱ ነው፤ ዛሬም አለ፣ መረጃውም በነጻ ይወርዳል። በስልካችን ካርታ ላይ ባሕሩ ጠለቅ ሲል ሰማያዊው የሚጠቁርበት ሥዕል ብዙ ጊዜ ከዚያ የተወሰደ ነው። ከጥልቀቱ ጋር አብሮ ሌላ ፋይል ይወጣል፤ እያንዳንዷ ነጥብ በመሣሪያ የተለካች ናት ወይስ በሳተላይት ግምት የተሞላች የሚል። በዘመናዊ መሣሪያ የተለካው የባሕር ወለል ከዓለሙ ሩብ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሌላው ግምት ነው፤ ለዚህም ነው ጌብኮ «ለመርከብ መምሪያ አትጠቀሙበት» የሚለው።

የየብሱን ክፍል፣ ማለትም ወደቡን፣ መንገዱንና የከተማውን ስም፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ኦፕንስትሪትማፕ ነው። በ2004 ስቲቭ ኮስት የተባለ ሰው ለንደን ተማሪ ሳለ የጀመረው ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የካርታ መረጃ ውድና የተቆለፈ ስለነበር «እኛው ራሳችን እንሥራው» አለ። በ2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ፈቃደኞች ከየቤታቸው ሆነው የፖርቶ ፕሬንስን ጎዳናዎች ከሳተላይት ፎቶ ላይ ሣሉ፤ የእርዳታ ሠራተኞችም ተጠቀሙበት። ከ2012 ጀምሮ ያለው ፈቃድ ይህን ይላል፤ ውሰደው፣ ሽጠው፣ ቀይረው፤ ግን ከየት እንዳመጣኸው ጻፍ፣ የቀየርከውን መረጃ ለሌላ ስታወጣም በዚሁ ውል አውጣ። የሚያስከፍሉት ዋጋ ያቺ የጥግ ጽሑፍ ናት። ከዚህ የረከሰ ቀረጥ በየትኛውም ኬላ አይቼ አላውቅም።

ባንዲራው የመጣው ከሊፍሌት ነው። ሊፍሌት ካርታውን በጣት የምናንቀሳቅስበትና የምናሰፋበት ፕሮግራም ነው፤ ቮሎዲሚር አጋፎንኪን የተባለ የኪየቭ ሰው በ2011 አውጥቶ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረገው። በ2022 ጦርነት አገሩ ሲገባ፣ በዚያው ዓመት በወጣው እትም ከፕሮግራሙ ስም ጎን ባንዲራውን አኖረ። የማይፈልግ ድረ ገጽ ሊያነሣው ይችላል፤ ብዙዎች ግን ትተውታል። ሠሪው ያለበትን ሁኔታ የፖርት ሱዳን መርከብ ከሚያይ ሰው ጋር ያገናኘችው ያቺ ጥግ ብቻ ናት።

የመርከቢቱ ነጥብስ? ከ2004 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያለ ከ300 ቶን ያላነሰ መርከብ ሁሉ ማንነቱንና ቦታውን በሬዲዮ እንዲናገር ተገድዷል፤ ኤአይኤስ ይባላል። በ2007 በግሪክ የኤጂያን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ማሪንትራፊክ ያደገው በየዳርቻው አንቴና በሰገነታቸው በተከሉ ፈቃደኞች ነው። የምድር አንቴና የማይደርስበትን ሳተላይት ይይዛል። ታዲያ የነጥቧ ምንጭ ማን እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደቆየች ካልታወቀ ነጥቧ ብዙ አትናገርም። ግንቦት 10 ቀን 2025 ኤምኤስሲ አንቶኒያ የተባለች ትልቅ የኮንቴይነር መርከብ ጅዳ አካባቢ መሬት ነክታ ቆማለች፤ የጂፒኤስ ምልክት ሆን ተብሎ ተረብሾ ነው የሚል ጥርጣሬ ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ላንሣ። አንድ ደላላ የመርከብ መከታተያ «የራሴ ሲስተም ነው» ብሎ በወር ክፍያ ሊያስገባኝ ነበር። በዋትሳፕ የሚልከው ፎቶ ሁሉ ታችኛው ጥጉ የተቆረጠ ነው። በነጻ የተገኘን ነገር መሸጡ አላስከፋኝም፤ ፈቃዱም አይከለክለውም። ያስከፋኝ ጥጉ ሲቆረጥ ሰዓቱም አብሮ መሄዱ ነው። «መርከቧ ጅዳ አልፋለች» ሲለኝ ዛሬ ይሁን የትናንት ወዲያ መለየት አልቻልኩም። እኛ ደግሞ በዚያ ወሬ ላይ ተመሥርተን ነው ለገበሬው ቀን የምንቆርጠው፣ ሎሪ የምንይዘው።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ፣ ኦፕንስትሪትማፕን ከፍታችሁ ዶካን ፈልጉ፤ ከገዳሪፍ ወደ ገላባት የሚወርደውን አስፋልት ንኩና ታሪኩን ክፈቱ። መንገዱን የሣለው፣ በኋላም ያረመው ሰው የመዝገብ ስም ከነቀኑ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ስሕተት ካያችሁ በዚያው መልእክት መላክ ይቻላል፤ ወይም ተመዝግባችሁ ራሳችሁ አርሙት፣ የእናንተም ስም ከሥሩ ይገባል።