የቦታ ስምና ካርታ፦ ከምዕራብ አየርላንድ የባሕር ዳርቻ የተገኘ ትምህርት

ካርታ የመሬትን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ላይ የኖረውን ሕዝብ ቋንቋና ትዝታ ጭምር የሚይዝ ሰነድ ነው። ስለሆነም የቦታ ስሞች አመዘጋገብ ለቀያሾች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በምዕራብ አየርላንድ፣ በጎልዌይ አውራጃ የባሕር ዳርቻ የተፈጸመው ሥራ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በወቅቱ አየርላንድን ያስተዳድር የነበረው የብሪታኒያ መንግሥት በ1824 አገሪቱን በሙሉ፣ አንድ ማይል በ6 ኢንች በሚወከልበት መስፈርት ማስቀየስ ጀመረ። ዋናው ዓላማ የመሬት ግብርን በአግባቡ መደልደል ነበር። ሥራውን የያዙት የጦር መሐንዲሶች በመሆናቸው፣ የጌሊክ ስሞችን የሚያጣራ የቋንቋ ሊቅ አስፈለገ። በ1830 የተቀጠሩት ጆን ኦዶኖቫን ከአውራጃ ወደ አውራጃ እየተዘዋወሩ ሽማግሌዎችን ጠየቁ፤ የቆዩ መዛግብትን አመሳከሩ፤ ያገኙትንም በስም መዝገቦች አሰፈሩ። በ1839 የአራን ደሴቶችን ጎበኙ። ይሁን እንጂ በካርታው ላይ የታተመው የጌሊኩ አጻጻፍ ሳይሆን ለእንግሊዝኛ አነባበብ እንዲስማማ የተለወጠው ነበር።

የዚህም ውጤት ቀላል አልነበረም። በጌሊክ «ቤተ ክርስቲያን» እና «ጫካ» የሚል ትርጉም ያላቸው ሁለት የተለያዩ ቃላት በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ብዙ ጊዜ «ኪል» ተብለው አንድ ሆኑ። ካርታውን ብቻ የሚያነብ ሰው ቦታው የጸሎት ስፍራ ይሁን የደን ምድር ሊለይ አይችልም። «ራውንድስቶን» የምትባለውም የወደብ መንደር እንዲሁ ናት። የጌሊኩ ስም ሲል በሚባለው ዓሣ በል የባሕር እንስሳ የተሰየመ ዓለት ማለት ሲሆን፣ የእንስሳው መጠሪያ «ሮን» በድምፅ ተመሳሳይነት ወደ እንግሊዝኛው «ራውንድ» ተለውጦ ስሙ «ክብ ድንጋይ» ሆነ።

ከ1845 ጀምሮ የደረሰው ታላቅ ረኀብና ስደት የጌሊክ ተናጋሪዎችን ቁጥር ክፉኛ ቀነሰ። ዓሣ አጥማጆችና የባሕር አረም ሰብሳቢዎች ለየዓለቱና ለየሰርጡ ያወጧቸው ብዙ ስሞች በአፍ ብቻ ስለሚነገሩ፣ አንድ ሽማግሌ በሞተ ቁጥር አብረው ይቀበሩ ጀመር።

በእንግሊዝ አገር የተወለዱትና በካምብሪጅ ሒሳብ ያጠኑት ቲም ሮቢንሰን በ1972 ወደ አራን ሄደው ኖሩ። አንዲት የመንደር ፖስታ ቤት ኃላፊ ባቀረቡላቸው ሐሳብ መነሻነት የደሴቶቹን ካርታ አዘጋጅተው በ1975 አወጡ፤ በ1990ም የኮነማራን ካርታ አስከተሉ። ዘዴያቸው ዳርቻውን በእግር ማዳረስ፣ ነዋሪውን መጠየቅና ስሙን በራሱ በጌሊክ አጻጻፍ መመዝገብ ነበር።

በ2003 የወጣውን የቋንቋ ሕግ ተከትሎ፣ ከ2005 ጀምሮ ጌሊክ ተናጋሪ ተብለው በታወቁት ክልሎች በመንግሥት ካርታዎችና በመንገድ ምልክቶች ላይ የጌሊኩ ስም ብቻ እንዲጻፍ ተደነገገ። ሆኖም ሕግ የተመዘገበን ስም ያስከብራል እንጂ የተረሳን ስም ሊያስነሳ አይችልም።

ከዚህ ልምድ ለጂኦግራፊና ለታሪክ መምህራን የሚተርፈው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ተማሪዎች የአካባቢያቸውን ስሞች ሲሰበስቡ ስሙን ማን እንደነገራቸው፣ እንዴት እንደሚነገር፣ ምን ማለት እንደሆነና በትክክል የትኛውን ቦታ እንደሚያመለክት ለይተው ሊጽፉ ይገባል። የተለያዩ አጠራሮች ቢገኙም ሁሉም ይመዝገቡ። ማመሳከርና ማረም በኋላ ሊደረግ ይችላል፤ ተናጋሪው ካለፈ በኋላ ግን የሚጠየቅ አይኖርም።